ሀሁን በቃሉ ይወርዳል፣ ማንበብ ግን አልቻለም፤ ከየት ልጀምር?

የማለዳ ጤዛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንዱ ልጄ 6 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ኬጂ 3ን ጨርሶ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ይገባል። የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ እንደ መዝሙር ይወርደዋል። ጣቴን መሃል ላይ ካሳረፍኩ ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ከፊደሉ ቤት መጀመሪያ ተነስቶ እየቆጠረ ይደርሳል። «ላም» የሚለውን ሳሳየው «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» ብሎ ላን ያገኘዋል፤ ከዚያ «መ፣ ሙ፣ ሚ» እያለ ም ላይ ሲደርስ ላ ጠፍቶበታል። ትምህርት ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለእንግሊዝኛ ነው። ክረምቱን እቤት ላስጠናው አስቤያለሁ። ሀሁን እንደገና ከሥር ልጀምርለት? በቀን ምን ያህል ደቂቃ ይበቃዋል? መጻፉንስ አብሬ ላስኪደው ወይስ ይቆይ?

ጠመኔ፦
እህቴ፣ ልጁ በደንብ የያዘው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አልለየም። ስለዚህ ከሀ እንደገና መጀመር ያንኑ ዜማ ማጠንከር ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ የቱን እንደሚያውቅ ለዪ። ካርቶን ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቅደጂና ገበታው ላይ እያንሸራተትሽ ጠይቂው። በ3 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ እየቆጠረ ነው፤ ከንፈሩን ብታዪው «ሰ፣ ሱ፣ ሲ» ሲል ይታወቅሻል። ቶሎ የመለሳቸውን ብቻ ምልክት አድርጊባቸው። ውጤቱ ትንሽ ከሆነ አትደንግጪ፣ በዜማ ብቻ በተማሩ ልጆች የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ገበታውን ትተሽ በ6 ቤቶች ጀምሪ፦ መ፣ በ፣ ረ፣ ነ፣ ለ፣ ሰ። ከየቤቱ ሰባቱንም ሳይሆን ግዕዙን፣ ራብዑንና ሳድሱን ብቻ ውሰጂ፤ ለምሳሌ መ፣ ማ፣ ም። በ18 ፊደል ምን ያህል እንደሚነበብ እዪው። በግዕዝ ብቻ ለበሰ፣ ሰበረ፣ መለሰ፣ ነበረ አለሽ። ራብዕ ሲጨመር በላ፣ ሰማ፣ ሰራ፤ ሳድስ ሲገባ ላም፣ ማር፣ በር፣ ልብስ፣ ነብር፣ ምሳ፣ ምላስ። «ነብር ላም በላ» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ልጁም በራሱ አንብቦ ይስቅበታል። ገበታውን በተርታ የያዘ ልጅ ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ሲሄድ ለረጅም ጊዜ የሚነበብ ነገር አያገኝም።

በሳምንት አንድ ቤት ይበቃል። ሰን መጨረሻ ያደረግኩት ከበ ጋር ስለሚምታታ ነው፤ ሁለቱ የሚለዩት አናታቸው ላይ ስለሆነ በአንድ ሳምንት አታምጫቸው።

በቀን ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን። ወፍራም ወረቀት በመጫወቻ ካርታ ልክ ቁረጪና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፊ። መጀመሪያ ያለፉትን ካርዶች በውዘሽ አንድ ዙር አሳዪው፣ ቀጥሎ አዲሱን ፊደል፣ የቀረውን ጊዜ ምንጣፍ ላይ ካርድ እያጋጠመ ቃል ይሥራ። «ላም» ከፊቱ ተደርድሮ ላን በማ ስትቀይሪው ምን ሆነ? «ም»ን ትተሽ «ር»ን ብታስገቢስ? እውነተኛው ሥራ ያለው እዚህ መቀያየሩ ላይ ነው። በ3 የተለያዩ ቀናት ሳያመነታ የለየውን ካርድ አውጥተሽ አስቀምጪ፣ የተሳሳተበት እጅሽ ላይ ይቆይ።

የቀሩት አራቱ ድምፆች ከእነዚህ 18 በኋላ ይመጣሉ። እንደ ጰ ላሉት አትቸኩዪ፤ «ጠረጴዛ»ና «ኢትዮጵያ» የሚያነብበት ቀን ሲደርስ ይደረስባቸዋል።

ሰሌዳ፦
ጠመኔ ባለው አብዛኛው እስማማለሁ፣ ገበታውን መተው የሚለው ላይ ግን አይደለም። 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የሚሸመድድ ልጅ የለም። የሚያድነው ሥርዓቱን ማየቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ያለው ገበታው ላይ ነው። ስህተቱ ገበታውን ወደ ጎን ብቻ ማስወረድ ነው። ወደ ታች ያንብብ፦ ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ፤ ጎናቸው ላይ ያለችውን ጭረት በራሱ ጣት ይንካት። ሊ፣ ሚ፣ ሲ፣ ቢ ላይ ጭረቷ ወደ እግር ወርዳለች። ሌ፣ ሜ፣ ሴ፣ ቤ ላይ ቀለበት ሆናለች። ይህን ያየ ልጅ ያላስተማሩትን «ዜ»ን ራሱ ያነበዋል። የረ፣ የፈና የየ ቤቶች ከዚህ ያፈነግጣሉ፤ ሳድስ ደግሞ ወጥ መልክ የለውም፣ ስለዚህ እነሱን ለብቻ በካርድ።

የኔታ ቤትም ቢሆን ልጅ ቁጥሩን በዜማ ይዞ እንዳይቀር አቡጊዳ አለ፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉ በእያንዳንዱ እርምጃ ቤቱንም ድምፁንም ስለሚቀይር ዜማው አያድንም፤ እያንዳንዱን ዓይቶ መለየት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ነው መልእክተ ዮሐንስ የሚጀመረው። እቤት ሆነውም ማንኛውንም 7 ፊደል አሰባጥረው እንዲህ መደርደር ይችላሉ።

አንድ ወጥመድ ልጠቁምዎ። ባና ቦ፣ ሳና ሶ፣ ዳና ዶ፣ ዛና ዞ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። «ዳቦ» ላይ ሁለቱም አይነት ስላሉ ልጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚያ ነው። «ራብዕ በቀኝ እግሩ ይቆማል፣ ሳብዕ በግራ እግሩ» ብለው ልጁን ራሱን በአንድ እግሩ አቁመው ያሳዩት፤ ግን ከልጁ ጎን ይቁሙ፣ ፊት ለፊት ከቆሙ ቀኝና ግራው ይገለበጥበታል። ሎና ቶ ቀለበት ስላላቸው በዚህ ሕግ አያስገቧቸው።

ጽሕፈቱን አብረው ያስኪዱት፣ የዚያኑ ሳምንት ፊደሎች ብቻ። መጀመሪያ ትሪ ላይ በተበተነ ዱቄት በጣቱ፣ ቀጥሎ ባለ መስመር ደብተር ላይ ሁለት መስመር ሙሉ በሚይዝ ቁመት። አነሳሱን ይከታተሉ፦ በ ሲጻፍ ከላይ ግራ ተነስቶ የግራው እግር ይወርዳል፤ እርሳሱ ይነሳና ከዚያው ነጥብ ወደ ቀኝ ሄዶ የቀኙ ይወርዳል። ከታች ወደ ላይ መግፋት የለመደ እጅ አንደኛ ክፍል ላይ ከሰሌዳ መገልበጥ ይዘገይበታል። «አንድ ገጽ ሙላ» አይበሉት። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ የሚያየው የእርስዎን ናሙና ሳይሆን ከላዩ ያለውን የራሱን ጽሑፍ ነው፣ ስለዚህ ስህተቱን ይገለብጣል። በየመስመሩ መጀመሪያ ናሙና ይጻፉለትና ከ5 አይብለጥ። ላጲሱን ከጠረጴዛው ያንሱት፤ ካልተነሳ ግማሹ ሰዓት በመደምሰስ ያልቃል።

የማለዳ ጤዛ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በካርዱ ሞከርነው፣ ላና ማ ጥሩ ናቸው። «ልብ» ላይ ግን «ልእ... ብእ» ይላል፣ ቃሉ አይገባውም። ደግሞ ትናንት «ገና»ን እንደ በዓሉ አጥብቆ አነበበው፤ ዓረፍተ ነገሩ «ገና አልመጣም» ነበር። ይህንን እንዴት ይታረማል?

ሳድስ፦
የመጀመሪያው የመጣው ከዜማው ነው። ገበታ ሲወረድ ሳድስ ሁልጊዜ ከትንሽ አናባቢ ጋር ይጠራል፤ ቃል መጨረሻ ላይ ግን አናባቢው የለም። «ልብ» ለመጀመሪያ ቃል ከባድ ነው፣ ሁለቱም ሳድስ ናቸውና። መጨረሻቸው ሳይቋረጥ ሊጎተት በሚችል ድምፅ ያለቁትን አስቀድሚ፦ ላም፣ ራስ፣ ማር። «ላ» ብሎ ትንፋሹን ሳይቆርጥ ከንፈሩን ይግጠም፤ «ላ—ም»። በብ፣ በትና በግ የሚያልቁት፣ እንደ ልብ፣ ቤትና በግ ያሉት፣ ከእነዚያ ቀጥለው ይምጡ። «ልእ ብእ» ካለ «አይደለም» አትበዪው፣ «ፈጠን አድርገህ በለው» በዪው። አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ላይ ራሱ ይሰማዋል። እንደ «ትምህርት» ያለው፣ ሳድስ የተደራረበበት ቃል፣ ለአሁን ይቆይ።

መጥበቅና መላላት ፊደላችን ላይ አይጻፍም፤ ገና፣ አለ፣ ሰፊ ሁለት ሁለት ንባብ አላቸው። አዋቂም የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ ልጁ አጥብቆ ማንበቡ የንባብ ስህተት አይደለም፣ ፊደሉን በትክክል አንብቧል። እስከ መጨረሻው ይጨርስ፣ ከዚያ «ትርጉም ሰጠህ?» ብለሽ ድገመው በዪው። እንዲህ ያሉትን ቃላት ለብቻቸው በካርድ አታሳዪው፣ መለያ የለውም።

ሳትጠይቂኝ ሁለት ነገር ልጨምር። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንዲሁም ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ድምፃቸው አንድ ነው። ሁሉንም ማንበብ ይልመድ፣ ለመጻፍ ግን ከየጥንዱ አንዱን ብቻ ያዢለት፤ «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ በዚህ ዕድሜ አታርሚው። የራሱን ስም ብቻ በልደት ሰርተፍኬቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ፣ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ የሚፈለገው እሱ ነው።

እንግሊዝኛውን ደግሞ በሌላ ሰዓትና በሌላ ደብተር አድርጊው። ሀን ዩ፣ ከን ኤች፣ ዐን ኦ ብሎ ሊያነብ ይችላል። በተለይ ከአንዱ ወደ ሌላው ወዲያው ሲሻገር ነው የሚምታታበት፣ ስለዚህ መሃላቸው ላይ ጨዋታ ወይም መክሰስ ይግባ።