ማሽኑ «ጨው አነሰ» ይላል፤ የመዋኛ ገንዳው ላይ ጨው ልጨምር?

ጥያቄ (የእንግዳ ማረፊያ ኃላፊ፣ ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁም። ጣና ዳር ያለ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አስተዳድራለሁ። መዋኛ ገንዳችን የጨው ውሃ ነው። ክሎሪን ገዝተን አንጨምርም፤ ውሃው ውስጥ ካለው ጨው ክሎሪን የሚያመርት ማሽን ተገጥሞለታል። ገንዳው 15 ሜትር በ8 ሜትር ነው፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.4 ሜትር።

ሰሞኑን ማሽኑ ቀይ መብራት እያበራ «ጨው አነሰ» ይላል። የሚያሳየው 2,000 ፒፒኤም ነው፤ በአንድ ሚሊዮን እጅ ውሃ ውስጥ 2,000 እጅ ጨው ማለት ነው። መመሪያው ደግሞ ከ2,700 እስከ 3,400 መሆን አለበት ይላል። ማታ ማታ ከ2,000ም ይወርድና ጭራሽ ማምረት ያቆማል። ገንዳው አያፈስም፣ ውሃም አልቀየርንም። ባለቤቱ ጨው በኩንታል አስመጥቶ ገንዳው ጎን አስደርድሯል፤ «ዛሬውኑ ጨምሩበት» እያሉኝ ነው። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ጥምቀት ደርሷል፣ ቤቱ በእንግዳ ሊሞላ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (የገንዳ ጥገና ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ልብሽ ልክ ነው። ለጊዜው አንድ ጭብጥ ጨው እንዳትጨምሪ።

ማሽኑ ጨውን በቀጥታ አይለካም። ሴሉ (ክሎሪኑ የሚመረትበት የማሽኑ ክፍል) ውስጥ ባሉት ሳህኖች መካከል ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንዳለፈ ያያል፤ የውሃውን ሙቀት ያገናዝባል፤ ከዚያ አስልቶ ቁጥር ያወጣል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን የሚያደናቅፍ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ «ጨው አነሰ» ሆኖ ነው የሚታየው። ሳህኖቹ ላይ ኖራ ሲጋገር፣ ሴሉ ውስጥ አየር ሲገባ፣ ገመዱ ሲዝግ፣ ሴሉ ራሱ ሲያረጅ፣ መልእክቱ ያው አንድ ነው።

ጨው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም። ፀሐይ ውሃውን ብታተነው ጨውየው እዚያው ይቀራል። የሚቀንሰው ውሃ ሲፈስ፣ ማጣሪያው ሲታጠብ ወይም ክረምት ላይ ገንዳው በዝናብ ሞልቶ ሲገነፍል ነው። አሁን በጋ ነው።

እስኪ እናስላው። ገንዳሽ 168 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። አንድ ኪሎ ጨው በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ፒፒኤም ነው። ከ2,000 ወደ 3,200 ለማድረስ ወደ 200 ኪሎ፣ ሁለት ኩንታል ማለት ነው፣ ትጨምሪያለሽ። ውሃው ውስጥ ያለው ጨው ቀድሞውኑ በቂ ከነበረ ግን ወደ 4,000 ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። የብረት መሰላሉ መዛግ ይጀምራል፣ አንዳንድ ማሽን ደግሞ «ጨው በዛ» ብሎ ይዘጋል። ከገባ በኋላ መመለሻው ውሃ ደፍቶ በአዲስ መተካት ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ውሃ በዚህ በጋ ከየት ታመጫለሽ?

መጀመሪያ ውሃውን በሌላ መንገድ ለኪ። የጨው መለኪያ ወረቀት ወይም በጠብታ የሚሠራ መለኪያ ይበቃል። ናሙናውን ከላይ አትቅጂ፤ ክንድሽን እስከ ክርንሽ አስገብተሽ፣ ውሃው ወደ ገንዳው ከሚመለስበት ቀዳዳ ራቅ ብለሽ ውሰጂ።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። በጠብታው ለካን፤ 3,100 ነው! ባለቤቱም ቁጥሩን ሲያዩ ዝም አሉ። ሴሉን ፈትተን ስናየው ሳህኖቹ መሃል ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት ነጭ ነገር ሞልቶታል። በምን ይጸዳል?

መልስ (የኬሚስትሪ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)

ያ ካልሲየም ነው። ማሽኑ ሲሠራ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ሲወጣ አሲድነቱ ይቀንሳል) ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ፒኤች ሲወጣ ደግሞ ካልሲየሙ ሳህኑ ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.6 ባለው ውስጥ ያዢው፣ አለበለዚያ ተመልሶ ይመጣል።

ለማጠብ ብሬከሩን አጥፊ። በፕላስቲክ ባልዲ አሥር እጅ ውሃ አድርጊና አንድ እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምሪበት። አደራ፣ አሲዱ ነው ወደ ውሃው የሚጨመረው፤ ውሃ አሲድ ላይ ከተደፋ ይፈናጠራል። ጓንትና መነጽር አድርጊ፣ ከቤት ውጭ ይሁን። በረኪና ወይም ሌላ ክሎሪን አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሴሉን አስገቢው፣ ይፍለቀለቃል። ፍልቅልቁ ሲያቆም አውጥተሽ በንጹሕ ውሃ እጠቢው።

በቢላ ወይም በሽቦ መፋቅ ግን በፍጹም አይሞከርም። ሳህኑ ቲታኒየም ነው፤ ክሎሪኑን የሚያወጣው ላዩ ላይ የተቀባው የሩቴኒየም ስስ ሽፋን ነው። እሱ ከተላጠ ሴሉ አለቀለት።

መልስ (የሆቴል ጥገና ሠራተኛ፣ ፍኖተ ሰላም)

ማታ ማታ ይወርዳል ላልሽው፣ መብራቱንም አስለኪ። ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ከ220 ቮልት በታች ይወርዳል፤ ያኔ አንዳንድ ማሽን ጨውን አሳንሶ ያነባል።

ጠያቂዋ

አጠብነው፣ ሳህኖቹ እንደ አዲስ ሆኑ። ቁጥሩ ግን 2,300 ላይ ቆመ። መብራቱን ማታ አስለካሁ፤ ትንሽ ይወርዳል እንጂ ያን ያህል አይደለም። አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ማሽኑ የውሃው ሙቀት 37 ዲግሪ ነው ይላል። ቴርሞሜትር ብንከት 21 ነው።

መልስ (ኤሌክትሪሺያን፣ ባሕር ዳር)

በቃ፣ ተገኘ። የሙቀት ሴንሰሩ ነው የተበላሸው።

ውሃ በሞቀ ቁጥር ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፤ በአንድ ዲግሪ ወደ 2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማሽንሽ ውሃው 37 ዲግሪ ነው ብሎ አምኗል። ስለዚህ «በዚህ ሙቀት ይህን ያህል ብቻ ካለፈ ጨው የለም ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። የ16 ዲግሪ ስህተት ንባቡን በሩብ ያህል ያወርደዋል። ከ3,100 ላይ ሩቡን ቀንሺ፤ ያው 2,300 አካባቢ ነው።

ለማረጋገጥ የሴንሰሩን ገመድ ከማሽኑ ነቅለሽ በሚተር ኦሙን (ኤሌክትሪክ የመቋቋም ልኩን) አስለኪ። ብዙዎቹ ሴንሰሮች በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም ናቸው፤ ሲቀዘቅዝ ከፍ፣ ሲሞቅ ዝቅ ይላል። በ21 ዲግሪ ወደ 12 ካላሳየ እርጥበት ገብቶበታል ወይም ተቃጥሏል። ገመዱ መያያዣው ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለም መጀመሪያ እሱን አጽዱ። የአንቺ ማሽን ሴንሰር ስንት ኦም እንደሆነ ግን መመሪያው ላይ እዪ።

ጠያቂዋ

6 ኪሎ ኦም! መመሪያው 10 ይላል፣ ዝገትም የለውም። አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጥምቀት ያልፋል። እስከዚያ ምን ላድርግ? የተደረደረውስ ጨው?

መልስ (የገንዳ ጥገና ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)

እስከዚያ በእጅ ክሎሪን ጨምሪ። ሽቶ ያልገባበት፣ 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ፣ ለገንዳሽ ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ክሎሪኑን በ1 ፒፒኤም ከፍ ያደርገዋል። ከ1 እስከ 3 ፒፒኤም መሃል ያዢው። ፀሐይ ስለሚበላው ምሽት ላይ ጨምሪ፣ ፓምፑ እየሠራ። ጠዋት እንግዳ ከመግባቱ በፊት ለኪው። የዱቄቱን ክሎሪን ግን ተዪው፤ ካልሲየም ስላለበት ያጠባችሁትን ሴል መልሶ ይጋግረዋል።

ጨውን ከመሬት አንስታችሁ ጣውላ ላይ ደርድሩት፣ ክረምት ላይ ያስፈልጋችኋል። ከረጢቱን ግን ክፈቺና እዪው። ለከብት የሚሸጠው ጥሬው፣ ጭቃ ያለበት ጨው ከሆነ ለገንዳ አይሆንም፤ አሁኑኑ ይመለስ።

አዲሱ ሴንሰር ሲገባ በጠብታው እንደገና ለኪ። ማሽኑ ከጠብታው በጥቂት መቶ ብቻ ከተለያየ ይበቃሻል። ሙቀቱ ልክ ሆኖ ጨውን አሁንም በብዙ ካሳነሰ ግን ሴሉ አርጅቷል፤ ያኔ ቁጥሩን እዚህ ጻፊልን።