አባቴን ኮምፒውተር ላስለምደው ፈልጌ አቃተኝ

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው። አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ምድር ባቡር ቢሮ የፈረንሳይኛ ታይፒስት ሆኖ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። (የድሬ ልጅ ነኝና አባቴን "አንተ" ብዬ ነው ያደግኩት፣ እንዳይከፋችሁ።) እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎበታል። ጠዋት ዛፍ ሥር ከጓደኞቹ ጋር ሻይ ይጠጣል፣ ፀሐይዋ ስትበረታ ይገባል፣ ከዚያ እስከ ማታ ሬዲዮ ብቻ ነው።

እህቴ ሞንትሪያል ናት። ልጆቿ የሚያወሩት ፈረንሳይኛ ነው። እሱ ቋንቋውን አሳምሮ ቢችልም ጆሮው ስለደከመ በስልክ አይሰማቸውም፣ እጅ ተወዛውዘው ይለያያሉ። ስለዚህ ላፕቶፕ ገዝቼ ከአዲስ አበባ ወሰድኩለት፣ ሦስት ቀንም አብሬው ተቀመጥኩ። ስሙን እንኳ መጻፍ አልቻለም። አንዱን ፊደል ሲነካ ሌላ ይወጣበታል። "ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ማውሱን ከእጁ ወስጄ ላሳየው እሞክራለሁ። በመጨረሻ ዘግቶት ተነሣ። አሁን የእናቴን ዳንቴል አልብሶ ቲቪው አጠገብ አስቀምጦታል። ከየት ልጀምር?

ሳቢያን፦
አቦ ማውሱን ከእጁ አትውሰድ! እኔም እናቴን እንደዛ አድርጌ ነው ያስኮረፍኳት። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተትና በአፍህ ብቻ ንገረው፣ ቢሳሳትም ይሳሳት። ካርታ የሚወድ ከሆነ ሶሊቴር ክፈትለት። ካርታውን ይዞ ሲጎትት ማውሱ ሳያስበው እጁ ላይ ይገባል።

የባቡር ሰው ልጅ፦
ወንድሜ፣ አባትህ ትክክል ነው! የፈረንሳይ ታይፕ ፊደሎች አቀማመጥ ከእንግሊዝኛው ይለያል። "ኤ" ያለችው በእንግሊዝኛው "ኪው" ቦታ ነው፣ "ዜድ" በ"ደብልዩ" ቦታ፣ "ኤም" ደግሞ ከ"ኤል" ቀጥላ በስተቀኝ። ጣቶቹ ዕድሜውን ሙሉ የለመዱትን ቦታ ነው የሚነኩት። እኔም የአባቴን ታይፕ እየነካካሁ ስላደግኩ ነው የማውቀው። የዊንዶውስ ሴቲንግ ግባና ቋንቋ የሚለው ውስጥ የፈረንሳይ ኪቦርድ ጨምር። የዊንዶውስ ቁልፉንና ስፔስን አንድ ላይ ስትጫን ይቀያየራል። ቁልፎቹ ላይ የተጻፈው አይገጥምም፣ ግን የድሮ ታይፒስት ቁልፍ አያይም።

የጁገሏ፦
እሱ እንዳለው አድርግ። ከእኔ ደግሞ እነዚህን ጨምር። ኢንተርኔት ሲያነብ ጽሑፉ ካነሰበት ኮንትሮልና የመደመር ምልክቱን አንድ ላይ ይጫን፣ ይተልቅለታል። ላፕቶፑን ፍራሽ ወይም ትራስ ላይ እንዳያስቀምጠው፣ የአየር መውጫው ይታፈናል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ግሎ ይጠፋበታል። የሁሉም ሁሉ ግን ይሄን አደራ እልሃለሁ፦ ማንም ደውሎ ወይም ጽፎ የሚስጥር ቁጥር ቢጠይቀው ለማንም እንዳይሰጥ፣ ከባንክ ነኝ ቢለውም። እናቴ ባለፈው ዓመት እንደዚህ ተጭበርብራ ለሳምንት እንቅልፍ አጥታለች። ያጣችው ብር ትንሽ ነበር፣ ያሳዘናት መታለሏ ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ተመለስኩ። ቅዳሜ ድሬ ወርጄ ኪቦርዱን ቀየርኩት፣ ምንም ሳልነግረው "እስቲ ስምህን ጻፍ" አልኩት። መነጽሩን አስተካክሎ ጀመረ። ወላሂ፣ አባቴ ሲጽፍ ያየሁት ያኔ ነው! በአሥሩም ጣቱ፣ ቁልፎቹን አንዴም ሳያይ፣ መስመር ሲጨርስ ግራ እጁ የታይፑን ሠረገላ ሊመልስ ብድግ ይላል። ስሙ ላይ አላቆመም። ቀኑን በቀኝ በኩል አናት ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ ቢሮ ደብዳቤ፣ ለልጅ ልጆቹ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈላቸው። በኢሜይል ላክንላቸው፣ ማታውኑ መለሱለት።

አሁን በየቀኑ ይጽፋሉ። ስለ ድሮው ባቡር ይጠይቁታል፣ እሱም ጣቢያዎቹን ከጅቡቲ ጀምሮ በተራ ይጽፍላቸዋል። ትናንት ማታ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪውም አልቆ ጥርቅም አለበት። ወዲያው ደወለልኝ። ራት መብላቱን ስጠይቀው አልመለሰልኝም። "አዋሽ ደርሼ ነበር፣ የጻፍኩት ጠፋ ወይ?" ነው ያለኝ።