«ጉድ ናይት» ብሎ እንግዳ መቀበልን እንዴት ላስቀር?

ጤና ይስጥልኝ። አንኮበርና መንዝ ጓሳ ላይ እንግዳ ለሚመሩ ወጣቶች የእንግሊዝኛ ሰላምታ በአንድ ገጽ እያዘጋጀሁ ሁለት ቦታ ላይ ተጣብቄያለሁ።

የቀኑ ቀላል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር እስከ 6 ሰዓት «ጉድ ሞርኒንግ»፣ ከዚያ «ጉድ አፍተርኑን»፣ ከ11 ወይም 12 ሰዓት ወዲህ «ጉድ ኢቭኒንግ»። «ናይስ ቱ ሚት ዩ» ለመጀመሪያው ትውውቅ ብቻ ነው፤ በማግስቱ «ናይስ ቱ ሲ ዩ አጌን» ይባላል። «እንዴት አደሩ»ን ቃል በቃል ከመገልበጥ «ዲድ ዩ ስሊፕ ዌል» ይበቃል።

አስቸጋሪው ስንብቱ ነው። «ጉድ ናይት» ማለት «ደህና እደሩ» እንጂ «እንዴት አመሻችሁ» አይደለም። ልጆቹ ግን ስለጨለመ ብቻ፣ እንግዳው ገና ሻንጣውን ከመኪና ሳያወርድ «ጉድ ናይት ሰር» ይሉታል። መጣሁ ሲል ተሰናበቱት! «ሲ ዩ ሌተር» ሲባሉ ደግሞ ቀጠሮ መስሏቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ይህን በምን ዓይነት ልምምድ ላስይዛቸው? ሕጉን መንገር ብቻውን አልሠራም።

ሁለተኛው፣ ሽማግሌ ማስተዋወቅ ነው። «ሚስተር» በእንግሊዝኛ ከቤተሰብ ስም ጋር ነው የሚሄደው፤ የእኛ «አቶ» ከራስ ስም ጋር። የአባታቸውን ስም ብናስከትል አባታቸውን ጠራን ማለት ነው። እኔ «ዚስ ኢዝ አቶ እገሌ» ብለው «አቶ»ን እንዳለ ቢተዉት ይሻላል ባይ ነኝ። እናንተ እንዴት ታስተምራላችሁ?