ክርክር፦ የእኛ ልጅነት ከልጆቻችን ልጅነት ይሻል ነበርን?

የጉለሌው አባት (መነሻ ሐሳብ)፦
ባለፈው ቅዳሜ የዘጠኝ ዓመት ልጄን «ስልኩን ተውና ውጭ ወጥተህ ተጫወት» ብለው «ከማን ጋር?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በ1970ዎቹ ጉለሌ ውስጥ ሳድግ ይህ ጥያቄ ፈጽሞ አይነሣም ነበር፤ ከበር ብቅ ያለ ልጅ ሁሉ ያረጀ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን የሠራናትን ኳስ የሚያሳድድ፣ ብይ የሚጫወት ወይም ለቡሄ ጅራፍ የሚገምድ መንጋ ያገኝ ነበርና። ቢርበን የማንም ቤት ቤታችን ነበር፤ ብናጠፋም የሚቆጣን ጎረቤት አይጠፋም። ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ እየኖርን ለልጆቻችን የተሻለ ምግብና ትምህርት ሰጥተን ልጅነትን ግን ነፍገናቸዋል ብዬ እሟገታለሁ።

ነርስና የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ትዝታዎ የመረጠውን ብቻ ነው የነገረን። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ከታወጀ በኋላ ታላላቆቻችን አፈሳ ፈርተው ከቤት የማይወጡባቸው ቀናት እንደነበሩ እርስዎም አይዘነጉትም። ከሁሉ በላይ በሙያዬ የማውቀውን ላንሣ፦ በ1992 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2011 ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 59 ወርዷል። የእርስዎ ዘመን ደግሞ ከ1992ም የባሰ ነበር። ከእርስዎ ጋር ኳስ የተጫወቱት የተረፉት ናቸው። የጎረቤት ቁጣ ላሉትም፣ እኔን በርበሬ ያጠነችኝ እናቴ ሳትሆን ጎረቤታችን ናት፤ እናቴም ማታ ሰምታ አመሰገነቻት።

የከተማ ፕላን ባለሙያ፦
ሁለታችሁም ስለ ዘመን ስትከራከሩ መሬቱን ረስታችሁታል። የድሮው ሰፈር መንገድ ጠባብና ኮረኮንች ስለነበር መኪና እምብዛም አይገባበትም፤ እናቶችም በር ላይ ተቀምጠው እህል ሲለቅሙ ልጆቹ ሁሉ በዓይናቸው ሥር ነበሩ፤ ማንም «ጥበቃ» ብሎ ያልሰየመው ጥበቃ ይህ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለብዙ ቤተሰብ የራሱን ሽንት ቤትና ቧንቧ ሰጥቷል፤ ይህን የሚያቃልል ሰው በአንድ ቧንቧ ተሰልፎ የማያውቅ ብቻ ነው። ነገር ግን ቤቱ በዕጣ ሲታደል ጎረቤቱም አብሮ ተበተነ፤ በብሎኮች መካከል የቀረው ሜዳ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ከ2011 ወዲህ «መንገድ ለሰው» እየተባለ አንዳንድ ጎዳናዎች ለሰዓታት ለተሽከርካሪ ሲዘጉ ልጆቹ ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ እንዴት እንደሚጫወቱም አስተማሪ አላስፈለጋቸውም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦
ያደግሁት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ በብሎካችን ስብሰባ ላይ «ግቢ ውስጥ ኳስ መጫወት ይከልከል» የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ደግፈው እጃቸውን ካወጡት አንዱ አባቴ ነበር። በዚያው ሳምንት ስልክ ገዛልኝ። ስለ ጨርቅ ኳሱ ግን እስከ ዛሬ ይተርክልናል።

የጉለሌው አባት፦
በቁጥሩ እህቴን አልከራከርም፤ በርበሬውንም ቀምሼዋለሁ። ሞት መቀነሱ ግን ልጁ ብቻውን መዋሉን ትክክል አያደርገውም፤ በዚህ አቋሜ እጸናለሁ። የተማሪው አስተያየት ግን ነክቶኛል፣ ምክንያቱም የመኪናዬ መስታወት በኳስ ከተሰበረ ወዲህ ክልከላውን ደግፌ የፈረምሁ እኔም ነኝ። በእኛ ግቢ የሚቆሙት መኪኖች አሥራ አራት ናቸው። ፊርማዬን ላንሣ ብል ለአሥራ ሦስቱ ባለቤቶች ምን እንደምላቸው፣ የእኔንስ ወዴት እንደምወስደው፣ የፕላን ባለሙያው ቢመክሩኝ እወዳለሁ።