መሐል አናቴ እየሳሳ ነው፦ የትኛው ሕክምና ለየትኛው የፀጉር መርገፍ ረዳችሁ?

የካዛንቺሷ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ለጥምቀት ሹሩባ ልሠራ ሄጄ፣ ዘወትር የምትሠራኝ ልጅ እጇን መሐል አናቴ ላይ አሳርፋ ቆየችና «እዚህ ጋ ፀጉሩ አልያዝ አለኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ የሳሳው ቦታ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ነበር፤ ዛሬ ሦስት ጣቶቼን ባሳርፍበትም አይሸፈንልኝም። ቆዳው ለስልሶ ያብረቀርቃል፣ ማታ ማታ ያቃጥለኛል፣ ማበጠሪያ ሲነካውም ያመኛል።

ከ15 ዓመት በላይ ሪላክሰር (ፀጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል) እና ካውያ ተጠቅሜያለሁ። መሳሳቱን ካወቅሁ ወዲህ ቅቤ፣ የጉሎ ዘይትና የጥቁር አዝሙድ ዘይት በየተራ ተቀብቻለሁ፤ በመጨረሻም አንድ መድኃኒት ቤት ራሴን ሳያይ የሰጠኝን ባለ 5 በመቶ ሚኖክሲዲል የተባለ የፀጉር ማብቀያ አራት ወር ተቀብቼ ለውጥ አላገኘሁበትም። ነጠላ ተከናንቤ ቤተ ክርስቲያን ስቆም ካልሆነ በቀር ሐሳቡ ከአእምሮዬ አይወጣም። እናንተ የታከማችሁበትን መድኃኒት ብቻ ሳይሆን፣ መርገፉ ምን ዓይነት እንደነበረና ለውጡን በስንት ጊዜ እንዳያችሁት ጭምር ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል።

ቸርችል ጎዳና፦

እህቴ፣ የእኔ ከእርስዎ የተለየ ነው፤ ሆኖም ሚኖክሲዲልን ለረጅም ጊዜ ስለተጠቀምኩ የማውቀውን ልንገርዎ። ፀጉሬ በ27 ዓመቴ ከግንባሬ ግራና ቀኝ መሸሽ ጀመረ፤ አባቴም አጎቶቼም ራሰ በራ ስለሆኑ ሐኪሙ ብዙ ሳይመራመር በዘር የሚወረሰው ዓይነት መሆኑን ነገረኝ። በቀን ሁለት ጊዜ አንዳንድ ሚሊ ሊትር እቀባ ጀመር። በመጀመሪያው ወር ተኩል የሚረግፈው ፀጉር ጭራሽ በዛብኝና ልተወው ደርሼ ነበር፤ ሐኪሙ ግን አሮጌው ፀጉር ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ እንዲህ እንደሚሆን አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር ታገሥኩ። ስስ ፀጉር ማየት የጀመርኩት በአምስተኛው ወር ነው። በኋላ መድኃኒቱ ከገበያ ጠፍቶብኝ ለጥቂት ወራት ባቋርጥ፣ ያተረፍኩት በሙሉ ተመልሶ ረገፈ። ስለዚህ ይህን መድኃኒት የሚጀምር ሰው እስከፈለገው ዘመን ድረስ እየገዛ የሚኖር መሆኑን አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ኋላም ሐኪሙ ፊናስተራይድ የተባለ ባለ 1 ሚሊ ግራም ክኒን ጨመረልኝና መሸሹ ቆመ። ሁለቱም መድኃኒቶች መጀመሪያ ለፀጉር የተሠሩ አልነበሩም፤ ሚኖክሲዲል የደም ግፊት ክኒን ሆኖ ሳለ በሚወስዱት ሰዎች ገላ ላይ ፀጉር ስለበዛ ነው እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለራስ ቅባትነት የተፈቀደው፣ ፊናስተራይድ ደግሞ ለፕሮስቴት ሕመም ከወጣ በኋላ በ1997 ለወንዶች ፀጉር ተፈቀደ። ፊናስተራይድ በአንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ መጀመር አይገባም፤ ወንድ ፅንስንም ሊጎዳ ስለሚችል ባለቤቴ ነፍሰ ጡር በነበረችበት ወቅት የተሰበረ ክኒን እንዳትነካ እጠነቀቅ ነበር። የእኔ ራስ ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ አቃጥሎኝ አያውቅም። ያሳሰበኝ የእርስዎ ማቃጠልና ሕመም ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

እኔ በቤቴ ሁለት ዓይነት አይቻለሁ፣ እህቴ። የመጀመሪያው የራሴ ነው። ሴት ልጄን በ80 ቀኗ ክርስትና ካስነሣን በኋላ ፀጉሬ በእጄ እየተዘገነ ይወጣ ጀመር፤ ትራሱ፣ ሻሹ፣ የሕፃኗ ጣት ሳይቀር ፀጉር በፀጉር ሆነ። ዘመዶቼ ዓይን ነው አሉኝ። ሐኪሟ ግን በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ከወሊድ ሁለትና ሦስት ወር በኋላ በአንድ ላይ እንደሚረግፍና ከከባድ ትኩሳት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላም ይኸው እንደሚያጋጥም አስረድታኝ፣ የደም ምርመራ ብቻ አዘዘችልኝ። የብረት ክምችቴ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ የብረት ክኒን ወሰድኩ፤ ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚያስቀሩት ክኒኑን ከቡና ሰዓት አርቂው ተብዬ ነበር፣ ለአራስ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ምንም ሳልቀባ በዓመቱ ተመለሰ።

ሁለተኛው የልጄ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ከጆሮው በላይ ክብ ሆኖ ተመለጠ። ጎረቤት ሁሉ «ቆረቆር ነው» አለ፣ የሄድንበት ክሊኒክም ሳይመረምር የፈንገስ ቅባት ሰጠን፤ ልጄም በትምህርት ቤት ማንም አጠገቡ እንዳይቀመጥ ተደረገ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ያየው የቆዳ ሐኪም ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ አስመረመረና ፈንገስ የለም አለን። ቆረቆር ቢሆን ኖሮ ይቀረፍ ነበር፣ ፀጉሩም ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጠብጣብ ይተው ነበር፤ መድኃኒቱም ቅባት ሳይሆን ለሳምንታት የሚዋጥ ክኒን ነው፣ ምክንያቱም ቅባት እስከ ፀጉሩ ሥር አይደርስም። የልጄ ግን ላሽ ነበር፤ የሰውነቱ መከላከያ የራሱን ፀጉር ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ። ይህን ጥቃት የሚያበርድ የስቴሮይድ ቅባት ታዘዘለት። መጀመሪያ የበቀለው ፀጉር ነጭ ነበርና ደንግጬ ሐኪሙ ዘንድ ሮጥኩ፤ ቀለሙ ይከተላል አለኝ፣ ተከተለም። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ልጄ ያለ ምርመራ ተላላፊ ተብሎ ስድስት ሳምንት ብቻውን መቀመጡ ነው። አንቺም ሳይመረመር የተሰጠሽን መድኃኒት ለጊዜው ተይው።

ፋርማሲስት፣ ስታዲየም አካባቢ፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው በእርስዎ ጉዳይ ላይ ብቻ ነው። ርቀት ላይ ሆኖ በሽታን መሰየም አይቻልም፤ ነገር ግን መሐል አናት ላይ ተጀምሮ ወደ ዙሪያው የሚሰፋ፣ የሚያቃጥልና ቆዳውን የሚያለሰልስ መርገፍ ጠባሳ የሚተው ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ቀን የሚሰጥ አይደለም። በዚህ ዓይነቱ ብግነቱ የፀጉሩን ሥር ይበላውና ቦታው በጠባሳ ይተካል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ቅባት ፀጉር አያበቅልበትም። ሕክምናው የተረፈውን ለማዳን ነው፦ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት፣ በየጥቂት ሳምንቱ ቆዳው ውስጥ የሚወጋ ስቴሮይድ፣ እንዲሁም ብግነቱን ለማብረድ ለወራት የሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ። ሚኖክሲዲል ረዳት ሊሆን ይችላል እንጂ ብቻውን እሳቱን አያጠፋም።

ሪላክሰሩን አሁኑኑ ያቁሙ፤ ራስዎን ግን አይውቀሱ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህ ሕመም ካለባቸው ሴቶች በከፊሉ ላይ ፓዲ3 በተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ አግኝቷል፤ ስለዚህ እናትዎንና እህቶችዎን ይጠይቁ። ማረጋገጫው ባዮፕሲ ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር የምታህል ቆዳ በማደንዘዣ ትወሰዳለች። በከተማችን ለቆዳ ሕክምና ስሙ የሚነሣው አለርት ሆስፒታል ነው፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲባል እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመ ቢሆንም ዛሬ ማንኛውንም የቆዳ ሕመምተኛ ይቀበላል። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘልዎ በብዙ ውኃ ይውሰዱት፣ ከወተትና ከብረት ክኒን ጋር አያገናኙት፣ እርግዝና ካለም አስቀድመው ይናገሩ።

የአራት ኪሎዋ፦

የእኔ አጭር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ተወጥሮ የሚሠራ ቀጭን ሹሩባና ዊግ የግንባሬን ፀጉር ወሰደብኝ። ፈትቼ ፀጉሬን ሳላስወጥር አንድ ዓመት ስቆይ የፊቱ አብዛኛው ተመለሰ፤ ጆሮዬ አጠገብ ያለው ግን በጣም ስለቆየ አልተመለሰም። ሹሩባ ሲሠራ ካመመ እንዲላላ መናገር ነውር አይደለም።

የካዛንቺሷ፦

ከአራት ወር በኋላ ልመለስ እንደሚገባኝ ስለተሰማኝ ነው የምጽፈው። ባዮፕሲ ተደረገልኝ፤ ውጤቱ ጠባሳ የሚተወው ዓይነት መሆኑን አሳየ። ዶክሲሳይክሊን፣ የስቴሮይድ ቅባትና በየስድስት ሳምንቱ መርፌ ጀምሬያለሁ። መርፌው ያማል፣ ግን ቶሎ ያልፋል። ማቃጠሉ በሁለተኛው ወር ቆመ፤ የሳሳው ቦታ ከዚያ ወዲህ አልሰፋም። የሄደው ፀጉር አልተመለሰም፣ ሐኪሟም አይመለስም ብላ በግልጽ ነግራኛለች፤ እውነቱን ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ።

በተመከርኩት መሠረት እናቴን ጠየቅኋት። መልስ ሳትሰጠኝ ሻሿን ፈታች፤ መሐል አናቷ የእኔው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የዕድሜ ነው ብላ ለማንም ሳትናገር ሸፍናው ኖራለች። ታናሽ እህቴ 27 ዓመቷ ነው፤ ስንነጋገር ሰምታ «እኔንም እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» አለች። ለሐሙስ ተራ አስይዤላታለሁ፣ አብሬያት እሄዳለሁ።