ልጄ ፖይንት ጫማ (በጣት ጫፍ የሚቆሙበት የባሌት ጫማ) ልትጀምር ነው፣ እኔ ግን ፈራሁ፣ ምከሩኝ

ሰላም ናችሁ፣ የባሌት ነገር የሚገባችሁ እናቶችም አስተማሪዎችም እባካችሁ ጨንቆኛል። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፣ ከጀመረች 3 ዓመት ሆናት፣ በሳምንት 2 ቀን ትሰራለች። አሁን አስተማሪዋ ከሚቀጥለው ተርም ፖይንት ጫማ ትጀምር አለችኝ፣ ልጅቷማ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አጣች፣ እኔ ግን ማታ ማታ እግሯን ሳሻት የማየው ነገር አላማረኝም። ቀኝ ተረከዟን ከኋላ በኩል ስነካው ትሸማቀቃለች፣ "ምንም አልሆንኩም ማሚ" ትለኛለች ግን ጠዋት ደረጃ ስትወርድ በጎን በጎኗ ነው። ደሞ ተርንአውት (እግርን ወደ ውጪ ማዞር) ስትሰራ ጣቶቿ ወደ ውጪ ዞረው ጉልበቷ ወደፊት ነው የሚያየው፣ መዞር ያለበት ከዳሌ ነው አይደል?

እኔ እንደገባኝ ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፣ አጥንቷ ገና እያደገ ስለሆነ የእግርና የቁርጭምጭሚት ጥንካሬዋ ነው ዋናው። ባንድ እግሯ ቆማ ተረከዟን ከፍ ዝቅ ስታደርግ ቆጠርኩላት፣ በግራ 20 ሰራች፣ በቀኝ ግን 8 ላይ እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ እሷም ዝም ብላ ቁጭ አለች፣ አንጀቴን በላችው።

መጀመሪያ የት ልውሰዳት፣ ሐኪም ጋ ወይስ ዳንሰኞችን የሚያይ ፊዚዮቴራፒስት ጋ? እስከዛ ዝላዩን ብቻ ትተው ወይስ ጭራሽ ትረፍ? አስተማሪዋንስ ሳላስቀይም "ትንሽ ይቆይ" እንዴት ልበላት? ጓደኞቿ ሁሉ ሲጀምሩ እሷ ብቻ ስትቀር ልቧ እንዳይሰበር ምን ብዬ ላስረዳት፣ ያለፈባችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።