የሐዋሳ ዲግሪዬን ይዤ እዚህ ከልጆች ጋር መሥራት እችላለሁ? ወንድሜ ደግሞ ገንዘቡን ለባጃጅ ይፈልገዋል

የአሞራ ገደል ልጅ (አሌክሳንድሪያ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በዲቪ መጥቼ ቨርጂኒያ ከገባሁ 14 ወሬ ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ተምሬ፣ እዚያው ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ 9 ዓመት ካውንስለር ሆኜ ሠርቻለሁ። ቢሮዬ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ ኳሶቹ በመረብ ተሰቅለው፣ ከሥራቸው አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ማክሰኞ ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ትመጣና ምንም ሳትናገር የጠረጴዛውን ቀለም በጥፍሯ ስትልጥ ደወል ይደወላል። በአራተኛው ማክሰኞ፣ «ቲቸር፣ እዚህ ትንሽ ብተኛ ይቆጡኛል?» አለችኝ። ለካ ከገጠር ለትምህርት ብለው ያመጧት ዘመዶቿ ቤት፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ የሚሸጠውን እንጀራ የምትጋግረው እሷ ነች። አክስቷን አስጠርቼ፣ አክስቷ የምታከብራቸውን አንዲት የሰፈር እናት ጨምሬ ሦስት ጊዜ ተነጋገርን። ሥራዬ ይሄ ነበር። አሁን አረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው፤ ሥራውን አልናቅሁትም፣ ግን የልጆቹ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ።

ዲግሪዬን በአሜሪካ ደረጃ አስገምግሜ ማስተርስ ለመጀመር 2,600 ዶላር አጠራቅሜያለሁ። ወንድሜ ሐዋሳ ላይ ባጃጅ ሊገዛ ነውና «ቅድሚያ ክፍያውን ላኪልኝ» ይለኛል። ትራንስክሪፕቴን ከሬጅስትራር የሚያወጣልኝ ውክልና ያለው ደግሞ እሱ ነው። ሁለት ወር ሙሉ «ሄጄ ሰው አጣሁ» ነው መልሱ። ምን ላድርግ?

ሶሻል ወርከሯ (ፌርፋክስ)፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን መንገድ አትቀላቅዪ። ትምህርት ቤት ውስጥ ካውንስለር ለመሆን ማስተርስና ከስቴቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልግሻል። ከትምህርት ቤት ውጭ ልጆችንና ቤተሰብን ለማከም ደግሞ ኤልፒሲ የሚባለው ላይሰንስ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለዚህ 60 ክሬዲት ያለው ማስተርስ፣ ከዚያ 3,400 ሰዓት በባለ ላይሰንስ ክትትል ሥር መሥራት (2,000ው ከተገልጋይ ጋር ፊት ለፊት)፣ ከዚያ ፈተና ነው። ሜሪላንድ ሰዓቱ 3,000 ነው። የሐዋሳው 9 ዓመት ከዚህ ሰዓት አይታሰብልሽም፤ ይህን አሁን ብነግርሽ ይሻላል ብዬ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት ፕሮግራሙ 60 ክሬዲት መሙላቱን ጠይቂ፤ በ48 ጨርሰው እንደገና ክፍል የገቡ ሰዎች አውቃለሁ። አንድ ዓመት ስለሞላሽ ዝቅ ያለውን የስቴት ነዋሪ የትምህርት ክፍያም መጠየቅ ትችያለሽ። እስከዚያው በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመዘገቡበት ኪውኤምኤችፒ የሚባል አለ፤ በባለ ላይሰንስ ሥር ሆነሽ ከልጆች ጋር ያሠራሻል። ለሱም ቢሆን የተገመገመ ዲግሪ ይፈልጋሉ።

የታቦር ሥር (ሐዋሳ)፦
ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲውን የወጪ መጋራት ዕዳ) ጨርሰሻል? ያልተከፈለ ካለ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይሰጡም። ወንድምሽ «ሰው አጣሁ» የሚለው ምናልባት የተጠየቀውን ብር ሊነግርሽ አፍሮ እንዳይሆን።

22 ዓመት በስደት (ሲያትል)፦
ባጃጁን ግዢለት። እኔ ለትምህርቴ ብዬ ወንድሜን እምቢ አልኩት። ተመረቅሁ። እናታችን ስታርፍ ሄጄ ሦስት ቀን አንድ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ «እንዴት ነሽ?» አላለኝም። እዚህ ሲያትል ሐይቅ ሞልቷል፤ እኔን የሚያባንነኝ ግን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የአሞራ ገደሉ ጠዋት ነው፤ ጀልባው ሲጠጋ፣ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ ወፍ የዓሣውን ጭንቅላት ሲጠብቅ፣ ወንድሜ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ቆሞ። ሌላም ልንገርሽ፤ ሐምሌ 2016 ብሩ ከወረደ ወዲህ አገር ቤት ያሉት «ትንሽ ዶላር ትበቃናለች» ይላሉ፤ የባጃጁም ዋጋ አብሮ ወጥቷል። ስለዚህ ስንት እንደሆነ ከሻጩ ጠይቂ።

የሦስት ልጆች አባት (ውድብሪጅ)፦
አትቀየሙኝና እኔ ካውንስለር የሚባል ሰው ልጆቼ ዘንድ እንዲደርስ አልፈልግም። ልጄ በ12 ዓመቷ «አባቴ በቀበቶ መታኝ» ብላ ለትምህርት ቤቱ ካውንስለር ተናገረች። በማግስቱ ማታ ከልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው በሬን አንኳኩ። ፍሪጅ ከፍተው አዩ፤ ልጆቹን ለየብቻ ጠየቁ። 45 ቀን ሙሉ ባለቤቴ እንቅልፍ አልወሰዳትም። መጨረሻ ላይ መዝገቡ ተዘግቷል የሚል ደብዳቤ መጣ። እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው።

22 ዓመት በስደት (ሲያትል)፦
ጋሼ፣ ከኛ ክፍል ግርፋት ፈርተው በዚያው የቀሩትን ሦስት ልጆች እስከ ዛሬ በስማቸው አስታውሳለሁ።

ሶሻል ወርከሯ (ፌርፋክስ)፦
ጋሼ፣ ካውንስለሯ ምርጫ የላትም። እዚህ ስቴት አስተማሪም ነርስም ካውንስለርም ልጅ ተጎድቷል ብሎ ከጠረጠረ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው። አገራችንም ብትሆን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል።

የሦስት ልጆች አባት (ውድብሪጅ)፦
ሕግ አታስተምሪኝ። የተንኳኳው የኔ በር ነው።

የአሞራ ገደል ልጅ (አሌክሳንድሪያ)፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ማታ ማን አስተረጎመልዎ?

የሦስት ልጆች አባት (ውድብሪጅ)፦
ትልቋ ልጄ። 16 ዓመቷ ነበር። «ምን አሉ?» ስላት «ምንም አይደለም አባዬ» እያለች ታለቅሳለች።

የአሞራ ገደል ልጅ (አሌክሳንድሪያ)፦
እኔም ይህን ሥራ እዚህ እንድፈልገው ያደረገኝ እሱ ነው። ባለፈው ወር ልጄ ትምህርት ቤት የወላጅ ቀን ላይ ከፊቴ አንዲት እናታችን ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። አስተማሪዋ በእንግሊዝኛ «ምሳ ሰዓት ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ» አለች። ልጁ ዞሮ በአማርኛ፣ «ጎበዝ ነው አለች» አላቸው። እናቱ ተነስተው የአስተማሪዋን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑ። ልጁ መሬት መሬት ያያል። እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? ዝም ብዬ ወጣሁ። እስካሁን ያን ዝምታዬን ለራሴ ይቅር አላልኩትም።

ሶሻል ወርከሯ (ፌርፋክስ)፦
እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ ትምህርት ቤት ሁሉ ላይ ይሠራል። እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ልጅን ማስተርጎም አይገባም። ከቀጠሮው በፊት ደውሎ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ጋሼ፣ እርስዎም ያኔ ይገባዎት ነበር።

የሦስት ልጆች አባት (ውድብሪጅ)፦
ይህን ማንም አልነገረኝም። ቢሆንም ልጄን የማሳድጋት እኔ ነኝ።

የታቦር ሥር (ሐዋሳ)፦
ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ ነበር። እህቴ፣ ሰኞ ሬጅስትራር ሄጄ የኮስት ሼሪንጉን ቀሪ አጣራልሻለሁ፤ የተማሪ መታወቂያ ቁጥርሽንና የተመረቅሽበትን ዓመት በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ውክልናውን ግን ከወንድምሽ ሳትነጋገሪ አትሻሪው።

የአሞራ ገደል ልጅ (አሌክሳንድሪያ)፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ልኬልሃለሁ። ወንድሜ ዘንድ ዛሬ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አላነሳም።